«ብስክሌት ልነዳ ነውና እርዱኝ»፦ የረጅም መንገድ የበጎ አድራጎት ጉዞ እንዴት ይሠራል? ምንስ ያስወጣል?

አሜሪካ፣ በተለይ ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ከሆነ እንዲህ ያለ መልእክት ሳይደርስዎ አይቀርም። የላከልዎ የሥራ ባልደረባዎ ወይም የልጅዎ አስተማሪ ይሆናል። «ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ በብስክሌት ልሄድ ነው። ለሕሙማን ገንዘብ እያሰባሰብኩ ስለሆነ የአቅምዎን ይርዱኝ» ይላል።

እርስዎም በልብዎ ይጠይቃሉ። እሱ ባሕር እያየ ለሚንሸራሸርበት እኔ ለምን እከፍላለሁ? መርዳት ከፈለገ ከኪሱ አውጥቶ አይሰጥም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ነገሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ የሚሆነን «ኤድስ ላይፍሳይክል» የተባለው ጉዞ ነው። ከ2002 እስከ 2025 የተካሄደ፣ በዓይነቱ ከታወቁት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው ምን ዓይነት ነበር?

ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ የሚያበቃ የሰባት ቀን የቡድን ጉዞ ነበር። ርዝመቱ 545 ማይል፣ ማለትም 877 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በእኛ አገር ብናስበው ከአዲስ አበባ ጎንደር ከሚያደርሰው መንገድ ይረዝማል። ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 125 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህም በየቀኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዳማን እንደ ማለፍ ነው።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሁለት ድርጅቶች ይውል ነበር። አንዱ የሳን ፍራንሲስኮ ኤድስ ፋውንዴሽን ነው። ሌላው የሎስ አንጀለስ ኤልጂቢቲ ሴንተር ነው። ሁለቱም የኤችአይቪ ምርመራና ከቫይረሱ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ድጋፍ ይሰጣሉ። ቫይረሱ እንዳይዝ አስቀድሞ የሚወሰደውን መድኃኒትም ያቀርባሉ።

ውድድር ነው?

አይደለም። አንደኛ የወጣ የለም፤ ሜዳልያም የለም። አንዱ በአምስት ሰዓት የሚጨርሰውን ሌላው በአሥር ሰዓት ይጨርሰዋል። የሃያ ዓመት ወጣትም የሰባ ዓመት አዛውንትም አብረው ይነዳሉ።

ከነጂዎቹ መካከል ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች «ፖዘቲቭ ፔዳለርስ» የሚባል የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ማንነታቸውን ሳይደብቁ በአደባባይ ይነዱ ነበር። መገለል ከበሽታው የባሰ የሚያቆስልበትን ዘመን ለሚያስታውስ የእኛ አገር አንባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መንገዱ በሙሉ ባሕር ዳር ነው?

በሙሉ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሳንታ ክሩዝ የውቅያኖሱን ዳር ይዞ ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለው ቢግ ሰር የተባለው የጠረፍ መንገድ ግን ጠባብና ገደላማ ነው፤ ናዳም ደጋግሞ ይዘጋዋል። ስለዚህ ጉዞው በሁለተኛው ቀን ወደ መሃል አገር ይገባና በእርሻ ሸለቆ በኩል ኪንግ ሲቲ ያድራል። ይህ ከሁሉም ረጅሙ ቀን ነው፤ ከ160 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ከዚያ ፓሶ ሮብልስ፣ ሳንታ ማሪያ፣ ሎምፖክ፣ ቬንቱራ እያለ ይቀጥልና ሎስ አንጀለስ ይገባል።

«ለምን ከሰሜን ወደ ደቡብ?» ይሉ ይሆናል። ምክንያቱ ነፋስ ነው። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ነፋሱ ከጀርባው ይገፋዋል፤ ወደ ሰሜን የሚነዳ ግን ቀኑን ሙሉ ከፊቱ ይታገለዋል። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ፣ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ባሕሩ በነጂው በኩል ይሆናል።

ገንዘቡ እንዴት ይሰበሰባል?

ነጂው መጀመሪያ ይመዘገባል። የመመዝገቢያ ክፍያ አለው፤ ቢቀርም አይመለስለትም። ከተመዘገበ በኋላ በስሙ አንድ ገጽ ይከፈትለታል። ወዳጅ ዘመዱ እዚያ ገብቶ በካርድ ይሰጣል። ገንዘቡ በነጂው እጅ አያልፍም፤ በቀጥታ ወደ ድርጅቶቹ ሒሳብ ይገባል።

ለመንዳት ግን ዝቅተኛ መጠን ነበረ። ለብዙ ዓመታት 3,000 ዶላር ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት 3,500 ሆነ። ያንን ያላሟላ ሰው መንዳት አይችልም ነበር። የጎደለውን ከራሱ ኪስ ሊሞላ ግን ይችል ነበር።

3,500 ዶላር ከየት ይመጣል? ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው 50 ዶላር ቢሰጥ 70 ሰው ያስፈልጋል። ሰባ ሰው እንዲሰጥ ደግሞ ከዚያ እጥፍ ለሚበልጥ ሰው መጻፍ ይጠይቃል፤ ሁሉም አይመልስምና። አንዳንዱ ቤቱ እራት አብስሎ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል።

አንድ ሌላ መንገድም አለ። በአሜሪካ ብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል እነሱም ይጨምራሉ። እርስዎ 50 ከሰጡ መሥሪያ ቤትዎ ሌላ 50 ያክላል ማለት ነው። ይህን ግን ካልጠየቁ ማንም መጥቶ አይነግርዎትም። ፎርም መሙላት ይጠይቃል።

ታዲያ ብስክሌቱ ምን ያደርጋል?

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ብስክሌቱ በራሱ አንድ ሳንቲም አያመጣም። የሚያመጣው መጠየቁ ነው።

ሰው እንዲሁ ተነሥቶ «ገንዘብ ስጡኝ» ማለት ያፍራል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። «ሰባት ቀን ልለፋ ነውና አግዙኝ» ሲል ግን አፍ ያገኛል። የሚሰጠውም ሰው ድካሙን አይቶ እጁን ይፈታል። በእኛ ዘንድ ስለት የገባ ሰው በእግሩ ረጅም መንገድ ሲሄድ ሰው ስንቁን የሚያግዘው ልብ እንዲህ ዓይነት ነው።

ነጂው ከኪሱ ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ምናልባት 100 ወይም 200 ዶላር ይሰጥ ነበር። በመንዳቱ ምክንያት ግን 3,500 ያመጣል። ያውም ከሰባ ሰዎች፤ ምናልባትም ብዙዎቹ ከዚህ በፊት ስለ ድርጅቱ ሰምተው አያውቁም። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው። የሚከፍሉት ለሽርሽሩ አይደለም። ሽርሽሩ እርስዎን ለመጠየቅ ምክንያት ሆነ እንጂ።

አንድ ቀን እንዴት ይውላል?

ማለዳ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ድንኳኑ ሁሉ ይነቃነቃል። በአንድ ድንኳን ሁለት ሰው ያድራል። ድንኳኑን የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ራሳቸው ነጂዎቹ ናቸው። ጠቅልለው ከሻንጣቸው ጋር ወደ ጭነት መኪናው ይወስዳሉ። ቁርስ በልተው፣ ጎማቸውን ነፍተው መንገድ ይጀምራሉ።

መንገዱ ለእነሱ አይዘጋም። በጠርዙ በኩል፣ ከመኪና ጋር ነው የሚነዱት። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ሄልሜት ግዴታ ነው። በጆሮ ሙዚቃ መስማት ክልክል ነው። ጎን ለጎን አይነዳም፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይሰለፋል። የሚያልፍ ሰው «በግራህ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። ከኋላ መኪና ሲመጣ የመጨረሻው «መኪና!» ይላል፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እስከ ፊተኛው ይደርሳል።

በየ25 ወይም 30 ኪሎ ሜትሩ ማረፊያ አለ። ውሃ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጨው ያለው ብስኩት ይሰጣል። ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ተደርድሯል። ካላማዳሪ የሚለጥፍ፣ ፍሬንና ማርሽ የሚያስተካክል መካኒክም አለ። አስተናጋጆቹ ድካም ለማስረሳት አስቂኝ ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ።

«ባልችልስ?» ካሉ፣ ከኋላ የሚከተል መኪና አለ። የደከመውን ከነብስክሌቱ ጭኖ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ወይም ወደ ማደሪያ ሰፈሩ ያደርሰዋል። ሲመሽ የዕለቱ ጉዞ ያበቃል፤ ያልደረሰ ሁሉ ይጫናል። ይህ እንደ ውርደት አይቆጠርም።

በሦስተኛው ቀን ኳድባስተር የሚሉት ዳገት አለ። ስሙ «ጭን ሰባሪ» እንደ ማለት ነው። ጠንካሮቹ ወጥተው ከጨረሱ በኋላ ተመልሰው ይወርዱና የደከመውን ሰው ጀርባውን በእጃቸው እየገፉ ያወጡታል።

በዚያው ቀን ብራድሊ የምትባል መቶ ሰው ገደማ የሚኖርባት መንደር ያልፋሉ። የመንደሯ ትምህርት ቤት ለነጂዎቹ ሃምበርገር ጠብሶ ይሸጥ ነበር። ከዚያ በሚያገኘው ገንዘብ ተማሪዎቹን ለጉብኝት ይወስዳል፤ ለሌላም ሥራ ያውለዋል። እርዳታ ለመሰብሰብ የወጣ ሰው በመንገዱ ላይ ሌላ እርዳታ ሰጥቶ ያልፋል።

በአራተኛው ቀን ከፓሶ ሮብልስ ወጥተው ረጅም ዳገት ከወጡ በኋላ የመንገዱ እኩሌታ ላይ ይደርሳሉ። እዚያ ሰው ሁሉ ይወርድና ብስክሌቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

በአምስተኛው ቀን ደግሞ ሁሉም ቀይ ይለብሳል። ሐሳቡ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ከሩቅ ሲታዩ የኤድስ መታሰቢያ የሆነውን ቀይ ሪባን እንዲመስሉ ነው። ስድስተኛው ቀን ማታ ቬንቱራ ላይ ሻማ ይዘው ዝም ብለው ወደ ባሕሩ ዳር ይሄዳሉ። በበሽታው የሞቱባቸውን ያስባሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጯጯህ የከረመው ሕዝብ ያን ጊዜ ድምፁ አይሰማም።

ይህ ሁሉ ምን ያስወጣል?

ብዙ። ነገሩ በየቀኑ የምትነቀልና የምትተከል ከተማ ነች። 2,000 ነጂ ብቻ ብንቆጥር፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሲበሉ 6,000 ሳህን ነው። የጭነት መኪና፣ የሻወር መኪና፣ ሽንት ቤት፣ የሰፈር ኪራይ፣ የየከተማው ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ መድኃኒት አለ። ዓመቱን ሙሉ የሚያዘጋጁ ሠራተኞች ደመወዝም አለ።

ወጪውን የሚቀንሰው በጎ ፈቃደኛው ነው። በዚህ ጉዞ ላይ «ሮዲ» የሚባሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የዓመት እረፍታቸውን ወስደው ያለ ክፍያ ይሠሩ ነበር። ሻንጣ የሚጭነው፣ ምግብ የሚያድለው፣ እግር የሚያሸው፣ ቁስል የሚያጥበው እነሱ ናቸው። እነሱን በደመወዝ እንቅጠር ቢባል ከተሰበሰበው ብዙ ባልተረፈ ነበር።

ከሰጠሁት ውስጥ ለታማሚው የሚደርሰው ምን ያህሉ ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ትልቅ ክርክር ተነሥቷል። ታሪኩን ባጭሩ ልንገርዎ።

ከኤድስ ላይፍሳይክል በፊት በዚያው መንገድ «ካሊፎርኒያ ኤድስ ራይድ» የሚባል ጉዞ ነበር። የመጀመሪያው በ1994 ተካሄደ። 478 ሰዎች ነድተው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰቡ። ያዘጋጀው ዳን ፓሎታ የተባለ ሰው ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ለማትረፍ የተቋቋመ ስለነበር ለሥራው ክፍያ ይቀበላል። ጉዞውም ወደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ።

በኋላ ግን ወቀሳ መጣ። በአንዳንድ ከተሞች ከተሰበሰበው ከግማሽ የሚበልጠው ለዝግጅት መዋሉ ተሰማ። የሳን ፍራንሲስኮውና የሎስ አንጀለሱ ድርጅቶች ከኩባንያው ተለይተው በ2002 የራሳቸውን ጉዞ ጀመሩ፤ እሱም ኤድስ ላይፍሳይክል ነው። በዚያው ዓመት የፓሎታ ኩባንያ ተዘጋ።

ፓሎታ ግን ዝም አላለም። በ2013 በሰፊው በታየ ንግግሩ ሲከራከር፣ በ50,000 ዶላር የተጀመሩት የኤድስ ጉዞዎች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወጪ ተቀንሶ 108 ሚሊዮን ዶላር አስገኝተዋል አለ። መታየት ያለበት የወጪው መቶኛ ሳይሆን በመጨረሻ የተረፈው ገንዘብ ነው ባይ ነው።

ማን ልክ ነው? በምሳሌ እንየው። አንድ ጉዞ አንድ ሚሊዮን ሰብስቦ 200,000 ቢያወጣ 800,000 ይተርፋል፤ ከመቶ 80 ማለት ነው። ሌላው አምስት ሚሊዮን ሰብስቦ ሁለት ሚሊዮን ቢያወጣ ሦስት ሚሊዮን ይተርፋል፤ ከመቶ 60 ነው። በመቶኛ የመጀመሪያው ይሻላል፤ በተረፈው ገንዘብ ግን ሁለተኛው ይበልጣል።

ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር ይመልከቱ። አንዱን ብቻ የሚነግርዎት ሰው ግማሹን ነው የነገረዎት።

ይህን ያህል ከሠራ ለምን ቆመ?

ካሊፎርኒያ ኤድስ ራይድና ኤድስ ላይፍሳይክል ተደምረው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስበዋል። እንዲያም ሆኖ አዘጋጆቹ የ2025ቱ የመጨረሻው እንደሚሆን አስታወቁ፤ እንዳሉትም በሰኔ 2025 አበቃ። የሰጡት ምክንያት የዝግጅት ወጪ መናሩና የነጂው ቁጥር መቀነሱ ነው። በኮሮና ምክንያት የ2020 እና የ2021 ጉዞዎች ቀርተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም።

ምክንያቱን ለመረዳት ድንኳን ተከራይቶ ሠርግ የደገሰ ሰው ይጠይቁ። ሃምሳ ሰው መጣ፣ ሁለት መቶ ሰው መጣ፣ የድንኳኑ ኪራይ ያው ነው። ብዙ ሰው ሲመጣ ኪራዩ ለብዙ ይካፈላል፤ ጥቂት ሲመጣ በጥቂቶች ላይ ይከብዳል። ለጉዞውም የመኪናው፣ የፈቃዱና የኢንሹራንሱ ወጪ በነጂው ቁጥር ልክ አይቀንስም። ነጂው ሲያንስ ከእያንዳንዱ 3,500 ውስጥ ለበሽተኛው የሚተርፈው ይሳሳል። ሳይሳሳ ማቆም ደግሞ ለሰጪው ታማኝ መሆን ነው።

እኔ ራሴ ልንዳ ብልስ?

እንዲህ ያሉ ጉዞዎች በሌሎች ከተሞችና አገሮችም አሉ። ብዙዎቹ አጠር ያሉ፣ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ናቸው። ከእነዚያ ይጀምሩ።

ልምምዱን ከወራት በፊት ይጀምሩ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። አንድ ቀን ረጅም መንዳት ብቻ አይበቃም። ቅዳሜ ነድተው እሑድ እንደገና መንዳት ይልመዱ፤ ሰውነት የሚፈተነው በማግስቱ ነው።

ከመሰብሰቢያው ገንዘብ ውጭ የራስዎ ወጪ አለ። ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም፤ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ይበቃል። ለቁመትዎ ልክ መሆኑን ግን ባለሙያ ይይልዎ። ኮርቻው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጉልበት ይጎዳል። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ይግዙ። ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም፤ ስፌቱ ቆዳ ይልጣል። የመኝታ ከረጢት፣ ትርፍ ካላማዳሪ፣ የመመለሻ ትራንስፖርትና የሥራ ፈቃድም ያስቡ።

መንገድ ላይ ሳይጠማዎ ይጠጡ፤ ሳይርብዎ ይብሉ። ውሃ ብቻ አይጠጡ። በላብ የወጣው ጨው ካልተተካ ራስ ያዞራል፤ ሲብስም አደገኛ ነው።

እሺ፣ ለጠየቀኝ ሰው ልስጥ?

ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁት። ገንዘቡ የሚደርሰው ለየትኛው ድርጅት ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ተሰብስቦ ስንት ተረፈ? ደረሰኝ አለው? በአሜሪካ አብዛኞቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገቢና ወጪያቸውን በየዓመቱ ለመንግሥት ያሳውቃሉ። ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ማየት ይችላል። ደረሰኙን ለአካውንታንትዎ ያስቀምጡ። መሥሪያ ቤትዎ ይጨምር እንደሆነም ይጠይቁ።

ሦስቱም መልስ ካገኘ ሳይጠራጠሩ ይስጡ። ካላገኘ ይቅርብዎ። በሁለቱም በኩል ግን ዝም አይበሉት። ያ ሰው ይሉኝታውን ዋጥ አድርጎ ነው ለመቶ ምናምን ሰው የጻፈው። «ዘንድሮ አልቻልኩም፤ መልካም መንገድ» የምትል አንድ መስመር ምንም አታስወጣዎትም።